የውሃ አባቱ ደጅ ጥናት

ተረቴ መጣ! «ይግባ፣ በሩ ክፍት ነው!» በሉኛ።

ድሮ፣ ድሮ፣ አያ ድንበሩ የሚባል የውሃ አባት ነበር። ሦስት መንደሮች በአንድ ቦይ ሲያጠጡ፣ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። «ሰኞ ያንተ፣ ማክሰኞ ያንቺ» ይላል፤ ሰዉም እሺ ይላል። ክብር አይደለም ይሄ? ለሱ ግን አልበቃውም። የአገሩ ገዥ ሞተው ስለነበር ዓይኑን ወንበራቸው ላይ ጣለ። ገና ሹመቱ ሳይመጣ ካባውን አሰፋ! ካባውን ደርቦ በጓሮ ጎምለል ሲል ዶሮዎቹ እንኳ ይሸሹት ነበር።

ሄዶ ንጉሡን ደጅ ጠና። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ንጉሡም፣ «ሦስቱ መንደሮች ከመሰከሩልህ እሾምሃለሁ» አሉት።

አያ ድንበሩ እየሮጠ ተመለሰ። ላይ መንደር ወጣና ሽማግሌውን ጠጋ ብሎ፣ «መስክርልኝ እንጂ፣ ስሾም የሮብ ውሃ የናንተ ነው። ለማንም እንዳትነግር!» አለው። መሃል መንደር ሄደ። «ስሾም የሮብ ውሃ የናንተ ነው። ለማንም እንዳትነግር!» ታች መንደር ወረደ። እዚያም ያው ሮብ፣ ያው «እንዳትነግር»።

ሮብ ግን ባለቤት ነበረው። እማማ ይርገዱ የሚባሉ አሮጊት በርበሬያቸውን የሚያጠጡት ሮብ ሮብ ነው። ዓመቱን የሚኖሩት በዚያችው በርበሬ ነው። ወሬውን ከሽማግሌዎቹ ሚስቶች ሰሙ፤ «ለማንም እንዳትነግር» የተባለ ነገር መቼ ቤት ውሎ ያውቃል? ደነገጡ፤ አለቀሱም። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሄዱ። ለእያንዳንዳቸው፣ «ልጄ፣ ንጉሥ ፊት ስትቆም የሰውየውን ደግነት አትደብቅ። ሊሰጥህ ያለውን በስሙ ጥራው። ንጉሥ ፊት የተነገረ ቃል አይታጠፍም» አሏቸው።

የምስክርነቱ ቀን ደረሰ፤ ሰዉም ንጉሡ ፊት ተሰበሰበ። የላይ መንደሩ ሽማግሌ ተነስቶ፣ «ደግ ሰው ነው፤ ሲሾም የሮብን ውሃ ሊሰጠን ነው» አለ።

የመሃሉ ዞር ብሎ አየው። «ኧረ ለኛ ነው!»

የታቹ ከዘራውን አነሳ። «እኛስ? ለኛም ብሎናል!»

ንጉሡ ወደ አያ ድንበሩ ዞሩ። «ለመሆኑ በሳምንት ስንት ሮብ አለ?»

አያ ድንበሩ ካባውን ሲያስተካክል ንጉሡ ቀጠሉ።

«አሁንስ ሮብ የማን ነው?»

አያ ድንበሩ ጭንቅላቱን አከከ። እማማ ይርገዱ ከሰዉ መሃል ብድግ አሉ። «የኔ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። በርበሬዬ ምስክሬ ነው።»

ንጉሡ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፈረዱ። «አንድ ሮብ መጠበቅ ያቃተው ሰው አገር አይጠብቅም። ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን የሚያከፋፍሉት እማማ ይርገዱ ናቸው። አንተ ደግሞ ሮብ ሮብ ቦያቸውን ትከፍታለህ።»

ካባውስ አትሉኝም? ዶማው ትከሻውን እንዳይልጠው አጣጥፎ ከሥሩ ያደርገዋል። እማማ ይርገዱም ከማሳቸው ዳር ሆነው፣ «ቀስ በል ገዥዬ፣ በርበሬዬን እንዳትረግጥ!» ይሉታል።

ተረቴ ፈሰሰ፤ ቦዩን ዝጉልኝ። እናንተም ስታድጉ ወንበር ሲያምራችሁ እንዳትረሱ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።