የንጹሕ ጀርባ ጣጣ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ ነው አይደል? ላሞቹን ዛሬ አሳርፏቸው። ዛሬ «የዝንጀሮ ገደል» በሉኝ።

ድንጋይ ሳይቀር ምላስ በነበረው በዚያ በድሮ ዘመን፣ በአንድ ገደል ላይ እመት ስንዱ የምትባል ዝንጀሮ ትኖር ነበር። እመት ስንዱ መጀመሪያ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ልጁ ከመንጋው ልጆች ጋር እየሳቀ ሲሯሯጥ ነብር ወሰደው። ቀጥላ ሴት ልጅ ስትወልድ ስሟን ብርቄ አለቻት። ከዚያ በኋላ የልጆች ሳቅ በሰማች ቁጥር ነብሩ ትዝ ይላት ነበርና፣ ብርቄን ከመንጋው ለይታ እዚያው ዋሻዋ ውስጥ ታስተምራት ጀመር።

ትምህርቱስ ትምህርት ነበር፤ አልዋሽም። ብርቄ የነብርን ዱካ ከጅብ ዱካ ትለያለች። የሚበላውን ሥር ከማይበላው ትለያለች። ጭልፊት ሲመጣ ቀና ሳትል በጥላው ታውቀዋለች። ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ እናቷ ጭኗ ላይ ታስተኛትና ፀጉሯን ትፈትሻለች። ታጥባታለች፣ ትልሳታለች፣ ታበጥራታለች። የብርቄ ጀርባ ከመጽዳቱ የተነሣ ዝንብ እንኳ ታርፍበትና አፍራ ትነሣለች።

«እማዬ፣ ከልጆቹ ጋር ልጫወት?» ትላለች ብርቄ።

«ምን ጎደለብሽ?» ትላለች እናት። «ትምህርቱ በቤት፣ ምግቡ በቤት፣ እናት በቤት!»

እንግዲህ የዝንጀሮን ወግ ልንገራችሁ። ክረምት ሲገባ መንጋው ሁሉ ወደ ታች ይወርድና ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ይጠለላል። ቦታው ጠባብ ነው። ስለዚህ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ነው ዝናቡን የሚያሳልፉት። ማን ከማን ጋር ይደገፋል ብትሉ፣ በጋውን ሙሉ ቅማል ሲለቃቀሙ የከረሙት ናቸው። የጀርባ ጓደኛ ይባባላሉ። የጀርባ ጓደኛ የሌለው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጫፍ ላይ ደግሞ ነፋሱም አለ፣ ዝናቡም አለ፣ ሌላም ነገር አለ።

እመት ስንዱና ልጇ ግን ሁልጊዜ ክረምቱን ዋሻቸው ውስጥ ብቻቸውን ያሳልፉ ነበር። በዚያ ዓመት ዋሻው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ስንዱ ሆይ፣ አርጅቻለሁ። ጣሪያዬ ተሰንጥቋል። ዘንድሮ ዝናብ ከመጣ ላያችሁ ላይ መውደቄ ነው፤ ኋላ አልነገረንም እንዳትሉ» አላት።

«እንግዲያው ወርደን ጫፍ ላይ እንቀመጣለን» አለች እመት ስንዱ። «እኔ እጠብቅሻለሁ።»

ብርቄ ግን ጫፍ ላይ መቀመጥ አልፈለገችም። መሃል መቀመጥ ነው የፈለገችው። የጀርባ ጓደኛ ፈለገች። ደመናው ደግሞ መጠራቀም ጀምሯል።

አንድ ቀን እናቷ ሥር ልትቆፍር ስትሄድ፣ ሹልክ ብላ ወደ ልጆቹ ሄደች። ልጆቹ ተደርድረው ይለቃቀማሉ። ከመሃላቸው ድንቡሼ የምትባል ወፍራም ሳቂታ ልጅ፣ «ነይ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። ፀጉሯን ወደ ግራ ገለጠች፤ ምንም። ወደ ቀኝ ገለጠች፤ ምንም።

«ወይ ጉድ! እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» አለች ድንቡሼ። «ቅማል የላት፣ ቅጫም የላት! እኛ ታዲያ ምን እናድርግልሽ እህቴ? ሥራ የሌለበት ጀርባ ይዘሽ መጣሽ።»

ክፋት አልነበራቸውም። ሥራ ስላጡ ብቻ ፊታቸውን አዞሩ። ብርቄ ግን እያለቀሰች ተመለሰች።

በማግሥቱ ጭጎጎት የበቀለበት ቦታ ሄደች።

«ጭጎጎት ሆይ፣ ጀርባዬ ላይ ተጣበቅልኝ። ልጆቹ ይልቀሙህ።»

«መጣበቅማ ሥራዬ አይደል!» አለ ጭጎጎት። «ግን አንዴ ከያዝኩ አለቅም። የዘሬ ነው።»

ተጣበቀባት። ድንቡሼ አየችና «እሰይ፣ ሥራ ተገኘ!» ብላ ብትነቅለው ጣቷን ያዘው። በሌላ እጇ ብትነቅለው ሌላ እጇን ያዘው። አንዱ ሊያላቅቃት ቢመጣ እሱንም ያዘው። እሱን ሊጎትት የመጣውንም ያዘው። ጥቂት ቆይቶ ልጆቹ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ እስረኛ ተደረደሩ።

«የኔ ነህ! አንተም የኔ ነህ!» ይላል ጭጎጎት።

«ይቺ ልጅ ጓደኛ ሳትሆን ገመድ ናት!» ብለው ጮኹ ልጆቹ። እንደ ምንም ሲላቀቁ ብርቄ እግሬ አውጪኝ አለች። እናቷ ጭጎጎቱን አየች፤ ጮኻ ታጥባት፣ ትልሳት፣ ታበጥራት ጀመር። «ምን ጎደለብሽ? ትምህርቱ በቤት፣ ምግቡ በቤት፣ እናት በቤት!»

ከዚያ ደግሞ ብርቄ ገበሬ ቁጥቋጦ ወዳቃጠለበት ሜዳ ወርዳ አመድን አገኘችው።

«አመድ ሆይ፣ ጀርባዬ ላይ ተኛልኝ። ቅጫም መስለህ ታይልኝ።»

«እተኛለሁ» አለ አመድ፣ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። «ነገር ግን ነፋስ ከጠራኝ እሄዳለሁ። ጌታዬ ነው፤ እንቢ አልለውም።»

ድንቡሼ ፀጉሯን ገልጣ አየችና ዓይኗ በራ። «ኑ! ኑ! ይኸ ሁሉ ቅጫም! የዘንድሮ ሀብት እዚህ ነው ያለው!» ልጆቹ ግር ብለው መጥተው አፍንጫቸውን ደቅነው ከበቧት። ይኼኔ ነፋስ ከገደሉ ሥር ሆኖ «አመድ!» ብሎ ተጣራ። «አቤት ጌታዬ!» አለ አመድ፤ ብድግ። ከዚያማ ማስነጠስ ሆነ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይቀበላል። አንዱ ትንሽዬ ከማስነጠሱ ብዛት ከድንጋዩ ላይ ተንከባሎ ሊወድቅ ሲል እናቱ በጅራቱ ያዘችው።

«ሁለተኛ እዚህ እንዳናይሽ!» አሉ። ብርቄ ተመለሰች። እናቷም አጠበቻት፣ ላሰቻት፣ አበጠረቻት። «ምን ጎደለብሽ?» አለቻት። ብርቄ መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን እናቷን ማስከፋት አልሆነላትም። ሰማዩ አንጎራጎረ። ዝናቡ ዛሬ ነገ እያለ ነው።

በመጨረሻ ቀበሮ ጥሎት ወደ ሄደው ጉድጓድ ሄደች። እዚያ አንዲት የከሳች ቁንጫ ቁጭ ብላ የድሮውን ደም እያስታወሰች ትተክዛለች።

«እሜቴ ቁንጫ፣ ጀርባዬ ላይ ቤት ልስጥሽ?»

ቁንጫ ዕድሜዋን ሙሉ ስትባረር እንጂ ስትጋበዝ አታውቅም። ዓይኗን አጠበበች። «ተንኮል አለበት። እንዳትገድይኝ?»

«አልገድልሽም።»

«ጓደኞችሽስ?»

«አንቺስ መዝለል አታውቂም?»

ቁንጫ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ደህና አስተምራሻለች!» ብላ ዘላ ወጣችባት።

ብርቄ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ልጆቹ ሊሸሹ ነበር። ብርቄ ግን ትከሻዋን ታክካለች። የእውነት ማከክ ነው! ድንቡሼ አላስቻላትም፤ ቀረብ ብላ ገለጠች። «አለች! ያዝኳት! ኧረ አመለጠች!» ቁንጫ ከግራ ወደ ቀኝ ዘለለች። «እዚህ ናት!» ይላል አንዱ። «የለችም፣ ወገቧ ላይ ናት!» ይላል ሌላው። ቁንጫ ትዘላለች፣ ልጆቹ ይዘላሉ፣ ብርቄ መሃል ተቀምጣ ትስቃለች። እንደዚያ ስቃ አታውቅም ነበር።

ሲደክማቸው ድንቡሼ ጀርባዋን አዞረችላት። «በይ፣ አሁን ተራሽ ነው።»

ብርቄ ተለቅሞላት እንጂ ለቅማ አታውቅም። የምታውቀው ትምህርቱን ነው። ስለዚህ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ «ቅማል ስድስት እግር አላት። ክንፍ የላትም። ሙቀት ያለበትን ቦታ ትመርጣለች...» እያለች ጀመረች።

«ልታስተዋውቂን ነው ልትለቅሚልኝ?» አለች ድንቡሼ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ብርቄ አፈረች፤ ልትነሣም ነበር። ድንቡሼ ግን እጇን ያዘቻት። «ነይ እዚህ። ጣትሽን እንዲህ አድርጊ። ፀጉሩን በቀስታ ግለጪ። አሁን ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ራሷ ትንቀሳቀሳለች።»

«ኧረ ነቀልሽኝ!» አለች መጀመሪያ። «አሁን ደግሞ ኮረኮርሽኝ!» አለች ቀጥሎ። ከዚያ ዓይኗ በእንቅልፍ ከበድ አለ። ብርቄ አንዲት ቅማል ያዘች። የራሷ ቅማል! አፏ ውስጥ ከተተቻት። ጣዕሙን አትጠይቁኝ።

እመት ስንዱ የደረሰችው ይኼኔ ነው። ነጎድጓዱን ሰምታ ልጇን ፍለጋ ወጥታ ነበር። ስታይ ልጇ ከልጆች መሃል ተቀምጣ ቅማል ታኝካለች። «ጉዴ ፈላ!» ብላ እጇን ጎትታ ይዛት ሄደች። ቁንጫ መታጠብ እንደሚመጣ ገባትና ከልጅ ወደ እናት ዘለለች።

መንገድ ላይ እመት ስንዱን ጀርባዋን በላት። የት ጋ? እጅ ከማይደርስበት፣ ከሁለቱ ትከሻ መሃል። በቀኝ ሞከረች፣ በግራ ሞከረች። ሄዳ ከድንጋይ ጋር ተፋተገች።

«ኧረ ቀስ!» አለ ድንጋዩ። «ልትፍቂኝ ነው?»

«እባክህ እከክልኝ!»

«እኔ መደገፊያ እንጂ ጣት የለኝም። ጣት ያለው ፈልጊ።»

እመት ስንዱ ዘለለች፣ ተንከባለለች፣ እስክስታ የሚመስል ነገር ወረደች። ብርቄ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«እማዬ፣ ዞር በይልኝ።»

«አንቺ? አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ዞር በይ።»

ዞረች። ብርቄ በቀስታ ገለጠች። የእናቷን ጀርባ ሲገለጥ ያየችው ገና ያን ቀን ነው። ፀጉሩ ተጣጥፎ ተቋጥሯል። እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል። የልጇን ጀርባ በየቀኑ የምታጥብ እናት፣ የራሷን ጀርባ ስንት ዓመት እጅ አልነካውም። ብርቄ ቋጠሮውን ፈታች፣ እሾሁን ነቀለች፣ እመት ስንዱም ትከሻዋን ቀስ እያለች ለቀቀች።

«ማን አስተማረሽ?» አለች፣ ዞር ሳትል።

«ድንቡሼ።»

 እመት ስንዱ አለቀሰች። «እኔኮ ነብሩን ፈርቼ ነው» አለች።

«አውቃለሁ እማዬ። ግን ነብር ከመንጋ ሲወስድ ከጫፍ ነው የሚጀምረው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። እኛን ደግሞ ጫፍ ላይ ልታስቀምጪን ነው።»

 ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ተያይዘው ወደ ቋጥኙ ወረዱ። ብርቄ ሮጣ ከድንቡሼ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደገፈች። እመት ስንዱ ግን መለየት ለምዶባት ወደ ጫፍ አመራች።

«ስንዱ፣ ወዴት ነው?» አሉ የመንጋው አሮጊት እማማ ተዋቡ።

«እኔ እዚህ ይበቃኛል እማማ። እርስዎ ይመችዎ።»

«የምን ይበቃኛል! የጀርባ ጓደኛዬ አምና ሞታብኛለች፤ ብርድ ሊጨርሰኝ ነው። አምጪ ጀርባሽን!»

ተደገፈች። ሞቀች። እፎይ አለች። ጥቂት ቆይታ ግን አመሏ አልለቃት አለና፣ «ልጆች፣ የነብር ዱካ ስንት ጣት አለው?» ብላ ጠየቀች።

«አራት!» አለች ብርቄ።

«አራት!» አሉ ልጆቹ ተከትለው፣ ድንቡሼ ሳትቀር።

«ስንዱ፣ ዝም በይና ልቀሚልኝ!» አሉ እማማ ተዋቡ።

ቁንጫይቱስ? ክረምቱን ከጀርባ ወደ ጀርባ እየዞረች ወፈረች ይባላል። ብርቄ አንድ ቀን ያዘቻት፤ ቃሏን አስባ ለቀቀቻት።

እናት ጀርባን ታጥባለች፤ የሚደግፈው ግን ባልንጀራ ነው። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅር፣ በቃ ጀርባዬን እከኩልኝ።