የጉሬዛ ጅራት የሸፈነው ሕግ

ተረቴ ከሩቅ ነው የመጣችውና አቀማመጣችሁን አስተካክሉ። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይሂድ።

እንስሳት ሁሉ ከአንድ ኩሬ ይጠጡ በነበረ ዘመን የስብራት ጠጋኞች ማኅበር የሚባል ነበር። ሊቀመንበሯ እማማ ኤሊ፣ ምክትሏ ቆቅ ነበሩ። በኩሬው ሥርዓት ቀንዱ የረዘመ ሳይጠጣ ሌላው አይጠጣም። ጎሾች መጥተው ሲጋፉ፣ በጥም የተቃጠሉ ግልገሎች እግራቸው ሥር ይገባሉ። ማኅበሩ የተረገጡትን ያነሣል፣ አጥንታቸውን በዛፍ ቅርፊት ያስራል። ንጉሥ አንበሳም ሥራቸውን አይቶ፣ ለዋሻው ድንጋይ ከመሸከም ግዴታ ነፃ አወጣቸው።

አንድ ቀን እናት የሌላት የሚዳቋ ግልገል እግሯ ተሰብሮ መጣች። በቅርፊት አሰሩላት። ዳነች፤ ሄደች።

ከወር በኋላ ያችው ግልገል ሌላው እግሯ ተሰብሮ መጣች። በቅርፊት አሰሩላት። ዳነች፤ ሄደች።

በሦስተኛው ተሸክመው አመጧት። የጎድን አጥንቷ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«አይዞሽ እናቴ፣ እናድንሻለን» አሉ እማማ ኤሊ።

«እንደሚያድኑኝማ አውቃለሁ እማማ» አለች ግልገሏ። «ግን ስድንም ይጠማኛል።»

እማማ ኤሊ አስረው ሲጨርሱ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ። ሲያወጡት፣ «ይህች ልጅ አራተኛውን አትችለውም» አሉ። «የውሃው ሥርዓት እንዲለወጥ ለሸንጎው እንናገር።»

«ምነው እማማ!» አለች ቆቅ። «ለእኛ መናገር ክልክል ነው ይባል የለም እንዴ?»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል አውሬ አላውቅም። ተነሺ!»

ወደ ሕግ አዋቂው ወደ ጉሬዛ ሄዱ። ጉሬዛ በጥቁር ልብሱ ላይ ነጭ ካባ ደርቦ፣ ሕግ በተቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ አናት ላይ ተቀምጧል። ረጅም ነጭ ጅራቱ በድንጋዩ ፊት ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጌታው ጉሬዛ፣ ማኅበራችን ስለ ልጆች በሸንጎ መናገር ይችላል?»

«ክልክል ነው።»

«ስለ ውሃው ብቻ ቢሆንስ?»

«ክልክል ነው። ነፃ የወጣ ዝም ይላል።»

«ልጅ ሲሞትስ?»

«እማማ፣ እርስዎ አጥንትዎን ይጠግኑ፤ ሕጉን ለእኔ ይተዉልኝ።»

የቆቅ ትዕግሥት አለቀ። «እስቲ ጅራትህን አንሣ!» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ጅራትህን! ከሥሩ ያለውን እናንብበው።»

ጉሬዛ ግራ ቀኙን አየ። የሚናገረው ከአባቱ የሰማውን ነበር፤ አባቱም ከአያቱ። ሦስቱም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አረጁ እንጂ ወርደው ያነበቡት ቀን አልነበረም። አፍሮ ጅራቱን አነሣ።

ድንጋዩ አነጠሰ። ያን ያህል ዘመን ጠጉር አፍንጫው ላይ ተኝቶ እንዴት አያነጥስ!

«አባ ድንጋይ» አሉ እማማ ኤሊ፣ «እርስዎ ላይ ‹ማኅበሩ ዝም ይበል› የሚል ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ያለብኝ ሦስት ነገር ነው። ዙፋን ከሚፈልጉት ማንንም አትደግፉ፣ ማንንም አትቃወሙ። አብዛኛው ጊዜያችሁ ለሕክምናው ይሁን፤ ለንግግሩ ጥቂቱ ይበቃል። ሸንጎ ስትገቡም ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትፈልጉ አትደብቁ። ከዚህ በተረፈ ተናገሩ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሲመለሱ ነብር መንገድ ላይ ጠበቃቸው። አንበሳ አርጅቷል፤ ነብር ደግሞ ዙፋኑን ይመኛል።

«እማማ፣ ሐሳብዎን ሰምቻለሁ» አለ ለስለስ ብሎ። «በአደባባይ አንድ ጊዜ ‹ነብር ይንገሥ› ይበሉልኝ። በነገሥኩ ማግስት ግልገሎቹ ቀድመው ይጠጣሉ።»

ቆቅ ጠጋ ብላ፣ «እንበለው እማማ! ሁለት ቃል ናት!» አለች።

«ሁለቷን ቃል ካልን የድንጋዩን ሕግ ጣስን፤ ቤታችን ይዘጋል። ያኔ ያችን ልጅ ማን ያስታምማታል?» አሉ እማማ ኤሊ። ከዚያም ወደ ነብር ዞረው፣ «ጌታው፣ ነገ ሸንጎ ይምጡ። ለአንበሳ የምንለውን እርስዎም ይሰማሉ» አሉት።

ነብር አፉን ላሰና ሄደ።

በማግስቱ እማማ ኤሊ በሸንጎው መካከል ቆሙ። «የስብራት ጠጋኞች ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ። የመጣሁት የውሃው ተራ እንዲለወጥ ለመጠየቅ ነው» አሉ። የሰባት ዓመት አሮጌ ቅርፊቶችም መሬት ላይ ተዘረገፉ። በእያንዳንዱ ላይ ስብራቱ የደረሰበት ሰዓት በጥፍር ተጭሯል።

«እዩት። ሁሉም ቀትር ላይ ነው፤ ጎሾች ሲመጡ። ጠዋት ኩሬው ባዶውን ያረፍዳል፤ ግልገሎቹ ግን ቀንድ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።»

«እኛስ አይጠማንም?» አለ ጎሽ።

«ይጠማችኋል ልጄ። ጠዋት ግን ተኝታችሁ ነው።»

ሸንጎው ሳቀ። አንበሳ ግን አልሳቀም። ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ስታውቁ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

እማማ ኤሊ ዞረው ጉሬዛን አዩት። ጉሬዛ ጅራቱን ጠቀለለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ኩሬው የግልገሎች ሆነ፤ ቃሉም በድንጋዩ ላይ ተቀረጸ። የሚዳቋዋ ግልገል ስትድን እያነከሰች ሄዳ፣ ማንም ሳይገፋት፣ ጠጥታ ጠጥታ ጠገበች። የማኅበሩ ቤትም አልተዘጋም።

በሰባቱ ዓመት የሞቱት ግን አልተመለሱም። የእነሱም ቅርፊት በደንብ የታሰረ ነበር።

ልጅ ለመጠገን እጅ ያለው፣ ስለ ልጅ ለመናገርም አፍ አለው። ተረቴ ውሃዋን ጠጥታ ሄደች፤ እናንተም ክልክል ነው ሲሏችሁ የተቀመጠውን አስነሡና ድንጋዩን አንብቡ።