የአጋፋሪው ሙክት ዓይን

ተረት ተረት፣ የበጎች በረት!

እመት ፍየል ልጇን ስትድር፣ የዳሱን በር እንዲጠብቅ ሙክት በግን አጋፋሪ አደረገችው። ሙክትም አምላክ ዓይን የሰጠው እንግዳን በልብሱ እንዲመዝን እንደሆነ ያምን ነበር።

መጀመሪያ ውሻ መጣ። አንድ ጆሮውን ጅብ ወስዶበታል፣ ጀርባው ጠባሳ በጠባሳ ነው። ስንት ዘመን የበጎቹን በረት ሲጠብቅ ያተረፈው ይህንኑ ነው።

«በዚህ መልክህ ሙሽራዋን ልታስደነግጥ ነው?» አለው ሙክት አፍንጫውን ነፍቶ። «ወንዝ ወርደህ በደንብ ታጠብና ተመለስ።»

«እሺ ጌታው፣ በደንብ እታጠባለሁ» ብሎ ውሻ ወደ ወንዝ ወረደ።

ቀጥሎ ነብር ከተፍ አለ። ሙክት ያንን ዝንጉርጉር ካባ ሲያይ ጉልበቱ ተብረከረከ፤ እሱ ግን አክብሮት መሰለው።

«ይግቡ ጌታዬ! እንዲህ ያለ ጨዋ ዘንድሮ የት ይገኛል?» አለና፣ ጭራው አቧራ እንዳይነካው ከኋላ ይዞ እስከ ክብር መቀመጫው አደረሰው።

ነብር የሙክትን ላት በዓይኑ እየለካ፣ «ብቻዬንማ አልበላም፤ አጋፋሪው ከጎኔ ካልተቀመጠ» አለ። ሙክት በኩራት እየተንጎማለለ ሄዶ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸቱ ወንዝ ድረስ ተሰማ። «ውሻ ወንድሜ፣ ድረስልኝ! እንዳለህ ና!»

ውሻም ከውሃው ሳይወጣ፣ «መጣሁ ጌታው! ይህቺ አንዷ ጆሮዬ ብቻ ናት የቀረችኝ፤ እሷን ልጠብና!» አለ።

ተረቴን መልሱ፤ ሳትታጠቡ ዳቦዬን እንዳትቆርሱ።