የተለሰነው በር

መማል አይገባም ብዬ ባለፈው እሑድ ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። ዛሬ ግን ልምል ነው፤ ምን ታደርጉኛላችሁ? ይቺ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ናት። ውሸት ከሆነች ይሄ የቆምኩበት መድረክ ከሥሬ ይሰንጠቅ!

አልተሰነጠቀም። እንቀጥል።

አንድ ሰው ነበረ። ከተማውን አልነግራችሁም፤ እዚያ ዘመዶች አሉኝ። ባቡር የሚያልፍባት፣ ከሙቀቷ የተነሣ ጥላ ራሱ ጥላ የሚፈልግባት አገር ናት በሉ። ሰውየው የአንድ ትልቅ ክበብ ሊቀ መንበር ነው። ክበቡን ሐዲዱ ሲዘረጋ የመጡ ፈረንጆች ለመዝናኛቸው ነው የሠሩት፤ ባለ ሰፊ በረንዳ፣ ባለ ቅስት መስኮት፣ በጥርብ ድንጋይ የቆመ ቤት ነው። ኋላ በአገሬው ሰው እጅ ገባ። ፊቱ ግን አርጅቷል። ልስኑ ረግፏል፤ የበረንዳው ጌጥ ጥርሱ የወለቀ አፍ መስሏል።

ታዲያ አንድ ቀን ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ።

እኛ አገር እንግዳ ይመጣል ሲባል ምን ይደረጋል? ምን ይደረጋል? ታውቃላችሁ! የውስጡ ይቆይና፣ ከመኪና መስኮት የሚታየው ይቀባል።

“ፊት ለፊቱ ብቻ ይታደስ!” አለ ሊቀ መንበሩ። “ቤቱ ሲወለድ የነበረው መልክ ይመለስ!” አጨበጨቡለት።

“ጣሪያውስ? እያፈሰሰ እኮ ነው” አለ አንድ አባል።

“እንግዳው በጣሪያ ነው እንዴ የሚገባው?” ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። 

ግንበኞች መጡ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ አቁመው ቀለሙን መፋቅ ጀመሩ። ወገኖቼ፣ ቢጫውን ቢፍቁት ሥሩ አረንጓዴ! አረንጓዴውን ቢፍቁት ሥሩ ሮዝ! ሮዙን ቢፍቁት ሰማያዊ! ሹም በመጣ ቁጥር አንድ ቀለም ተቀብቶለት ኖሯል። የግንበኞቹ አለቃ ጎሳዬ የሚባል አፉ የማያርፍ ሰው ነው። “ጋሼ፣ ይሄ ቤት ሽንኩርት ነው። ልጠን ልጠን መጨረሻ ላይ እንባ ብቻ እንዳይተርፈን!” ይላል። ቀለሙ ተፍቆ ሲያልቅ መንገዱ በአንድ ክንድ ሰፋ። በአንድ ክንድ!

እንግዲህ በዚያ ፊት ለፊት ግድግዳ ጥግ ላይ አንዲት በር ነበረች። ቤቱ ሲሠራ ያልነበረች፣ ኋላ የተበሳች፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት በር። የምታስገባው ወደ አሮጌው ማድ ቤት ነው። ማድ ቤቱ ሌላ በር የለውም፤ ከላይ አንድ የጭስ መውጫ አለው፣ በቃ። እዚያ ውስጥ እትዬ ውድነሽ ትኖራለች።

እትዬ ውድነሽ ማን ናት? የክበቡ ወጥ ቤት የነበረች፣ ለሰው ማካሮኒ ስትቀቅል ያረጀች ሴት። ሊቀ መንበሩስ ማን ነው? ያ ከረባቱን ያሰረ ሰው፣ አቶ ፈለቀ የሚባለው፣ በልጅነቱ በዚያው ክበብ ሜዳ ቴኒስ ለሚጫወቱ ጌቶች ኳስ ሲለቅም ያደገ፣ እናት አባት የሌለው ልጅ ነበር። ማን አበላው? እሷ። ከምድጃው ጀርባ ጆንያ አንጥፋ ማን አስተኛው? እሷ። ሲያተኩሰው ማን ደገፈው? እሷ!

የክበቡ አባላት ይሄን አያውቁም። አልነገራቸውም። ሲያልፍ ያያታል፤ ሰው ከሌለ ሰላም ይላታል።

የእድሳቱ ምረቃ በዓል ነገ ሊሆን ዛሬ ወደ እሷ ሄደ። ግራ ቀኝ አይቶ ጎንበስ ብሎ ገባ።

“እትዬ፣ ነገ ለአንድ ቀን ዘመድ ጋ ሂጂልኝ። ይሄ በር ሊደፈን ነው።”

“ለምን ሲባል?”

“ቤቱ ሲወለድ አልነበረማ።”

“አንተስ ስትወለድ ከረባት ነበረህ?” አለችው።

“እትዬ፣ ቀልዱን ተዪው። ከበዓሉ በኋላ በጓሮ በኩል ሌላ በር እናወጣልሻለን።”

“ዘመዴ ደግሞ አንተው ነህ። አንተ ቤት ልምጣ?”

ከረባቱን ነካካ። እሷም አየችው፤ አይታም ሳቀች። “አይ ፈለቄ! ሂድ በል፣ እንቅልፍህን ተኛ። እኔ አላሳፍርህም” አለችው።

እሄዳለሁ አላለችም። እሱም ትሄጃለሽ ወይ ብሎ አልደገመም።

በነጋታው ጎሳዬ ኖራውን አቡክቶ፣ በሩን የሚያሽግበትን ጣውላ ይዞ መጣ። ሊቀ መንበሩ ግን ቀድሞት እበሩ ላይ ደርሷል። ምን አየ? እትዬ ውድነሽ አንድ ልማድ ነበራት። ቤት ስትገባ ላስቲክ ጫማዋን ደጃፏ ላይ ታወልቃለች፤ ስትወጣ ተጫምታው ትሄዳለች። ሌላ ጫማ የላትም። ሰፈሩ ሁሉ መኖር አለመኖሯን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ጫማው ደጃፉ ላይ ነበር።

ጎንበስ አለ። አነሣው። በረንዳው ላይ ከተደረደሩት የአበባ ማሰሮዎች ጀርባ አስቀመጠው።

“ሴትየዋ ወጥታለች ጋሼ?” አለ ጎሳዬ።

“ወጥታለች።”

“ለማንኛውም ልጣራ እንዴ?”

“ወጥታለች አልኩህ! እንግዳው መንገድ ላይ ነው፤ አንተ ታወራለህ!”

ጣውላው ተመታ። ኖራው ተለጠፈ፣ ተለሰነ፣ ነጭ ተቀባ። በሩ ያልነበረ ሆነ። ሊቀ መንበሩም በልቡ፣ ‘ለጥቂት ጊዜ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ እከፍትላታለሁ’ አለ። በልብ የማይባል ነገር አለ እንዴ?

እንግዳው መጣ። ሪባን ተቆረጠ። ሊቀ መንበሩ ንግግር ሊያደርግ ተነሣ፤ የት ቦታ ላይ ቆሞ? እዚያው እርጥቡ ልስን ላይ ጀርባውን አስደግፎ፣ ሰው እንዳይጠጋው። “ይህ ክበብ” አለ፣ “የትናንት ባለውለታዎቹን የማይረሳ ክበብ ነው!” ጭብጨባ!

ያኔ ከጀርባው፣ ኳ።

ማንም አልሰማም። እሱ ግን በትከሻው መኻል ተሰማው። ኳ። ኳ። ንግግሩን አቋረጠ። መዶሻው እዚያው መወጣጫው ሥር ነው፤ ጎሳዬም አጠገቡ ቆሟል። አንዲት ቃል ናት፤ ‘አፍርሰው!’ ቢል ትበቃለች። አንዲት ቃል! ግን ልስኑ ይበላሻል። ሰው ይጠይቃል። ማን ናት? ለምን ታሸገች? አንተስ እንዴት አወቅህ?

ዞር ብሎ ለበዓሉ የተጠራውን የሙዚቃ ባንድ፣ “እስቲ አንድ ጨምሩልን! ሞቅ ያለ!” አለ። መለከቱ ጮኸ፣ ከበሮው ተመታ።

እንግዳው ሲሰናበት፣ “ኮትህ ከኋላ ነጭ ሆኗል” አለው።

“አዲስ ነገር ይነካካል፣ ጌታዬ።”

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጎሳዬን ጠራና፣ “አፍርሰው” አለው።

“የቱን?”

“እሱን።”

“ኧረ ጋሼ! ዛሬ የለሰንኩትን?”

“አፍርሰው አልኩህ!”

ልስኑ ረገፈ፤ ጣውላው ወደቀ። ጎሳዬ በስመ አብ ብሎ መዶሻውን ጣለው። እትዬ ውድነሽ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አቧራው እላይዋ ላይ አርፎ ነጠላዋና ፀጉሯ አይለዩም። ጎንበስ ብላ ወጣች። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብለት ምንኛ በወደደ!

“ንግግርህ አማረ” አለችው። “ሁሉንም ሰማሁት።”

ከዚያም ደጃፉን አየት አድርጋ፣ “ጫማዬን የት አደረግኸው?” አለች።

ሊቀ መንበሩ ጎሳዬ እያየው ሄዶ፣ ከአበባው ማሰሮ ጀርባ አውጥቶ አመጣው። ሊያጫማት በርከክ አለ።

“ተው። ስጠኝ፤ ራሴ አደርገዋለሁ።”

አደረገችው። ያን የሰፋውን መንገድ ይዛ ሄደች። ጎሳዬ፣ “እማማ! ኧረ እማማ!” እያለ ተጣራ። ሊቀ መንበሩ አልተጣራም። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ በር አልታየችም።

“ቀዳዳውን ምን እናድርገው?” አለ ጎሳዬ።

ምን ያለው ይመስላችኋል? “ልሰነው” አለው። ልሰነው!

ለሰነው። ግን ዛሬም ክረምት ሲገባ እርጥበቱ በዚያ ግድግዳ ላይ የበር ቅርጽ ይሥላል። ይቀቡታል፤ ይወጣል። ደግመው ይቀቡታል፤ ደግሞ ይወጣል።

እናንተዬ፣ ስለ አንድ ክበብ የማወራ መሰላችሁ?

ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል የታመመች እህቱን ጓዳ የሚያስገባ እዚህ መኻል የለም? ጓደኞቿ ሲመጡ አባቷን ‘ዘበኛችን ነው’ ያለች የለችም? የለችም በሉኝ! ‘ከበዓሉ በኋላ፣ ከሠርጉ በኋላ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ’ እያላችሁ ስንቱን ሰው ለሰናችሁት? የማንን ጫማ ከማሰሮው ጀርባ ደብቃችኋል?

እኛስ ብንሆን! ባለፈው የዚህችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ቀባን ብለን እልል አልን። በየት በኩል ቀባነው? በመንገዱ በኩል። ከውስጥ አጥሩን ተደግፈው የሚለምኑት ምን ያያሉ? ዝገቱን።

‘ቢያንኳኩልኝ እኮ እከፍት ነበር’ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፤ ይሄን እንደምትሉ አውቃለሁ።

ስለዚህ ምያለሁና መድረኩ ሳይሰነጠቅብኝ አንድ ነገር ልመን። አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። መንገዱ በክንድ ሰፋ ያልኩትን አይደለም፤ እሱ እውነት ነው። የጨመርኩት ማንኳኳቱን ነው።

እትዬ ውድነሽ አላንኳኳችም። ሚስማሩ ሲመታ ሰምታለች፤ ንግግሩንም ሰምታለች። ያሳደገችው ልጅ በሰው ፊት እንዳያፍር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሊቀ መንበሩ ‘ሞቅ ያለ ጨምሩልን’ ብሎ ባንዱን የለመነው ዝም ያለ ግድግዳ ተደግፎ ነው።

ማንኳኳቱን የጨመርኩት ለእናንተ አዝኜ ነው። አንኳኩታ ባይከፍትላት፣ ‘ምን ዓይነት ጨካኝ ነው’ ብላችሁ በሰላም ቤታችሁ ትገቡ ነበር። እሱ ግን ምንም አልሰማም። ጫማዋን ብቻ ነው ያነሣው።