ጋሽ ኤርሲዶ ያለቀሱላት ልጅ

አንዲት ልጅ ነበረች። ድምፅ ነበራት። ሌላ ብዙ ነገር አልነበራትም፤ ድምፅ ግን ነበራት።

ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ እዚሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ ትፈልጓታላችሁ። በቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድር ላይ ቀርባ ያሸነፈች ልጅ ናት። ያን ጊዜ እኔ ሆሳዕና ነበር የማገለግለው፤ እሷም የዚያ ከተማ ልጅ ናት። ከተማው ሁሉ በአጭር መልእክት መረጣት። መልእክት መላክ የማይችሉት የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ በሰው እያስላኩ መረጧት። በዘፈን ላይ ያለኝን አቋም ታውቃላችሁ፤ ዛሬ እሱን ልሰብክ አልቆምኩም። እኔም መርጫታለሁ። አትሳቁ።

አባቷ ጋሽ ኤርሲዶ ዓይናቸውን ካጡ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ከዚህች ልጅ በቀር ማንም የላቸውም። እኚህ ሰው ደጃፋቸው ላይ ስትቆሙ፣ ገና አፋችሁን ሳትከፍቱ ማን እንደሆናችሁ ይነግሯችኋል። እንዴት እንደሚያውቁ ብጠይቃቸው፣ «ሰው ሁሉ የየራሱ አተነፋፈስ አለው። እርስዎ ዳገቱን ሲወጡ ያፏጫሉ፣ መጋቢ፤ ቅቤ ይቀንሱ» አሉኝ።

ልጅቷ አዲስ አበባ ገባች። ሽልማቷ የአንድ ዓመት ውል ነበር፤ አልበም፣ ክሊፕ፣ በየከተማው ኮንሰርት። የመጀመሪያውን ዘፈን ስቱዲዮ ገብታ ቀዳች። አቀናባሪው ናሆም የሚባል ረጋ ያለ ልጅ ነው። ድምፅዋ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ መስመር ተዘርግቶ አሳያት። በቃልና በቃል መካከል ትንንሽ እብጠቶች አሉ።

«እነዚህ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም።»

«ትንፋሽሽ ነው። አድማጭን ይረብሻል» አለና አንድ በአንድ ቆርጦ አወጣቸው።

መልሶ አጫወተላት። ድምፁ የእሷ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግን አየር የሚስብ ሰው የለበትም። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። «ቆንጆ ነው» አለችው። ቆንጆ ነበራ።

ዘፈኑ ወጣ፤ አገር ምድሩን ሞላው። ታክሲ ውስጥ ዘፈኗ፣ ሱቅ ስትገባ ዘፈኗ። ከዚያ አንድ ነገር መጣባት፤ ይህን በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። ዘፈኗን በሰማች ቁጥር ትንፋሿ ቀጥ ይላል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ደረቷ አይንቀሳቀስም። ሲያልቅ፣ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው አየሩን ትስባለች።

አዳማ ላይ ኮንሰርት ነበራት። የምትዘፍነው በተቀዳ ድምፅ ነው፤ እሷ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ቅጂው ይዘፍናል። መሐል ላይ አቧራ ጉሮሮዋን ያዛትና ሳለች። ማይኩን ከአፏ አራቀች። ድምፁ ቀጠለ። እሷ ጎንበስ ብላ ትስላለች፤ ድምፅዋ ከላይ ይዘፍናል። ቀና ብላ ስታይ እሷን የሚያይ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ስልኩን አንስቶ ስልኩን ነው የሚያየው። ከመድረክ ስትወርድ ናሆም፣ «ጎበዝ፣ አንድም ሰው አላወቀም» አላት።

አንድም ሰው አላወቀም። ይህ እንደ ምስጋና ነበር የተነገራት።

ወደ አባቷ ልመልሳችሁ። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር። ከዚያ በሳምንት አንዴ። ከዚያ ጉዞው ሲበዛ የድምፅ መልእክት ሆነ። አንድ ቀን ጊዜ ቢያጥራት እዚያው ስቱዲዮ ማይኩ ላይ፣ «አባ፣ ደህና ነኝ፣ ለገና እመጣለሁ» ብላ ቀዳች፤ ናሆምም እጁ ለምዶ ትንፋሿን ቆርጦ አጸዳላት። ስለተመቻቸው በዚያው ቀጠሉ። በክፋት አልነበረም። ልብ በሉልኝ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ጋሽ ኤርሲዶ መልእክቱን ሰሙ። ደግመው አስከፈቱ። ሦስተኛ ጊዜ አስከፈቱና ስልኩን ቀስ ብለው ከጆሯቸው አነሱት።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ለቅርቡ አይነገርም። «ትንሽ አሞት ነው» ይባላል። «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባላል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ገና መጣ፤ ልጅቷ ሥራ በዝቶባት ቀረች። ጋሽ ኤርሲዶ በዚያ እርግጠኛ ሆኑ፦ ልጃቸው ሞታለች፤ እኛ ደብቀናቸዋል፤ ዝም እንዲሉ ድሮ የተቀዳ ድምፅዋን እናሰማቸዋለን። ምግብ ተዉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚያረዳቸውን ሰው መጠበቅ ጀመሩ።

ጎረቤት ጨንቆት እኔን ላከኝ።

«መጋቢ፣ እርስዎም ሊዋሹኝ ነው የመጡት?» አሉኝ።

«ልጅዎ በሕይወት አለች፣ ጋሽ ኤርሲዶ።»

«አይተዋታል?»

አላየኋትም። «ሰምቻታለሁ» አልኳቸው።

«እኔም ሰምቻታለሁ» አሉኝ። «የሚተነፍስ ሰው ግን የለበትም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ቤት ስወጣ እኔም ተጠራጠርኩ። ስልኳ ላይ ደወልኩ። አንዲት ሴት አንስታ፣ «ልምምድ ላይ ናት፤ መልእክት ትልክልዎታለች» አለችኝ። መልእክቱ መጣ። «መጋቢ፣ ደህና ነኝ፤ አባቴን ሳሙልኝ።» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ትንፋሽ ፈለግሁ። ደጋግሜ ፈለግሁ። የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ አስፋልት ዳር፣ ሰው በሚተራመስበት ቦታ ቆሜ፣ የሞተ ሰው ሰላምታ የላከልኝ መሰለኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «አባትሽ ለቅሶ ተቀምጠዋል። የሚያለቅሱት ላንቺ ነው። ነይ።»

መጣች። ማታውኑ ተነሥታ፣ ከሾፌሯና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ጎህ ሲቀድ ደረሰች። ብቻዋን መግባት ፈርታ እኔንና የእድሩን ዳኛ ይዛን ሄደች። ምን እንዳደረግን አያችሁ? ጎህ ሲቀድ፣ የብዙ ሰው ኮቴ፣ መጋቢና የእድር ዳኛ። ገና በሩን ስናንኳኳ ከውስጥ፣ «ወይኔ ልጄን» የሚል ጩኸት ሰማን።

«አባ፣ እኔ ነኝ፤ መጣሁ» አለች።

«አጥፉት» አሉ። «እባካችሁ እሱን ነገር አጥፉት።»

«አባ፣ እኔ ነኝ።»

«አጥፉት አልኩ።»

ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት ዘፈነችላቸው። ያሸነፈችበትን ዘፈን፣ መሐል ቤት ቆማ፣ አንድም ሳትሳሳት። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ደረቷ ሲነሣ አላየሁም። ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ይንቀጠቀጡ ነበር።

ዘፈኑን አቋርጣ ተንበረከከችና እጃቸውን ይዛ ፊቷ ላይ አደረገችው። ጣታቸው አፍንጫዋ ሥር ደርሶ ቆመ። ቆየ።

«አትተነፍስም» አሉ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእኛ።

እውነታቸውን ነበር። ትንፋሿን ይዛዋለች። መያዟን ራሷም አላወቀችም።

«ልጄ ከሆንሽ ተንፍሺ» አሉ።

ከዚያ ሳግ እየተናነቃት፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች ተነፈሰች። አስቀያሚ ድምፅ ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ እስከ ረፋዱ ድረስ እጃቸውን ከፊቷ አላነሡም።

ወገኖቼ፣ ልጅቷን እንተዋትና ወደ እኛ እንምጣ።

ጸሎታችሁን ሰምቻለሁ። ያምራል። የት ላይ ከፍ እንደሚል፣ የት ላይ ዕንባ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። የእኔም ስብከት ያምራል ይሉኛል። ግን ልጠይቃችሁ፤ ያ የድሮው ሳግ የት ሄደ? ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቃል ጠፍቶባችሁ ዝም ብላችሁ ያቃሰታችሁት፣ እሱ የት ሄደ? ማነው ቆርጦ ያወጣው? እኛው ነን። ሰው ፊት ያሳፍራል ብለን፣ ያላማረውን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣነው። አንድም ሰው አላወቀም።

አባት ግን ያውቃል። እናንተ በየሳምንቱ «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ትልካላችሁ፤ እሱ ጆሮውን አስጠግቶ ልጁን ይፈልጋል። እናንተ በሕይወት አለን ስትሉ፣ ሰማይ ለእናንተ ለቅሶ ተቀምጦ ቢሆንስ?

አሜን አትበሉ። እሱንም አሳምራችሁ ትሉታላችሁ። መዘምራንም ባላችሁበት ተቀመጡ። ለማንም ያልነገራችሁት፣ ለመናገር አፋችሁን ስትከፍቱ የሚያንቃችሁ ነገር አለ። አሁን እሱን ለአባት ንገሩት፤ ቃሉ ቢሰበር ይሰበር። እኔም የምነግረው አለኝ፤ ከሚስቴ በቀር የሰማው የለም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንበረከካለሁ። እናንተም እኔን አትዩኝ።