የዳምጤ ወርክሾፕ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ የባቡሩ ፉጨት ድሬዳዋን ከእንቅልፏ በሚቀሰቅስበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ዳምጤ የሚባል ሞተር ጠጋኝ ነበረ። ከወርክሾፑ ጋር የተያያዘ ወፍጮ ቤትም ነበረው። በገዛ እጁ የሠራት አንዲት የወፍጮ ሞተር ነበረችው። ታዲያ ምን ያደርጋል! ጠዋት እየዘመረች ትነሳለች፣ ቀትር ላይ ግላ ቀጥ ትላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያባብላት ኖሮ ሳትሰማው ሞተ።

ሊሞት ሲል ሚስቱን እትዬ ባፈናን ጠርቶ የወርክሾፑን ቁልፍ አስጨበጣት። «ይቺን ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ ሳትቆም እንድትፈጭ ላደረገ ልጅ ስጪው። ወርክሾፔን ግን እንዳትከፋፍሉት፣ አደራ!» አላት።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እትዬ ባፈናም የወለደቻቸው ሦስቱ ልጆች አንዱ ካንዱ አይገጥሙም።

ታላቁ ሸዋንግዛው እጀ ወርቅ ነው። አባቱ በሞተሯ ውስጥ የጠቀለለውን ሽቦ አንድ ሳያስቀር ፈታው። እናቱ «የዳምጤን እጅ አፈረስከው!» ብላ አለቀሰች። እሱ ግን ማንም ጠቅልሎት በማያውቅ አኳኋን እንደገና ጠቀለለው። አንድ የወፍጮ ድንጋይ ታዞር የነበረችው ሞተር ሁለት አዞረች። ይሁን እንጂ ብርታቷ ሲጨምር ሙቀቷም ባሰ፤ ቀትር ላይ አሁንም ቆመች።

ሁለተኛዋ ውድነሽ ሽቦ ነክታ አታውቅም። ደብተርና ሙቀት መለኪያ ይዛ አርባ ቀን ከሞተሯ አጠገብ ተቀመጠች። በየሩብ ሰዓቱ ስንት ጆንያ እንደተፈጨ፣ የትኛው ጎን ስንት እንደጋለ ትጽፋለች። ወንድሞቿ «ለማን ነው ደብዳቤው?» እያሉ ይቀልዱባታል። በአርባኛው ቀን ደብተሩን ዘጋች። «አባባ የሚያቀዘቅዛትን ማራገቢያ ሁልጊዜ ፊቷ ላይ ነበር የሚያቆመው። የምትቃጠለው ግን ከጀርባዋ ነው» አለች። እትዬ ባፈና ባሏ በዚያ ሐሩር ማራገቢያውን ሲያስጠጋና ሲያርቅ ትዝ አላት። «ወይ ዳምጤ! ሃያ ዓመት ሙሉ!» ብላ ደረቷን መታች።

ትንሹ ተረፈ ቀልደኛ ነው። ለሞተሯ ጀርባ ከስስ መዳብ ልብስ ቀጠቀጠላት፣ በላዩ ጆንያ አለበሰ፣ ጆንያውን የሚያርስ ውሃ ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ ሠራ። ወደ ሽቦው አንዲት ጠብታ አታልፍም። ወደ ጀርባዋ የዞረው የማራገቢያ ነፋስ ጆንያውን ባደረቀው ቁጥር መዳቡ ይበርዳል። ሰፈሩ «ሞተር ካፖርት ለበሰች!» ብሎ ሳቀ። ሞተሯ ግን ቀትርን አለፈች፣ ዘጠኝ ሰዓትን አለፈች፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ፈጨች። እትዬ ባፈና ደጅ ቁጭ ብላ ድምፁን ስትሰማ ዳምጤ ከውስጥ ያለ መስሏት ስሙን ጠራች።

ፈጠራውን አዲስ አበባ ላለው፣ የፈጠራ ባለቤትነት ለሚመሰክረው የፓተንት መሥሪያ ቤት አስገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የምስክር ወረቀቱ በሦስቱም ስም መጣ። ለመሥሪያ ቤቱ ምን ቸገረው? ወረቀት ሦስት ስም ይችላል። ቁልፉ ግን አንድ ነው።

«ልቧን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ሸዋንግዛው።

«በሽታው ሳይታወቅ ምን መድኃኒት አለ?» አለች ውድነሽ።

«እስከ ማታ ያስፈጫትስ ማነው?» አለ ተረፈ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። «ግን እውነቱን ልናገር? ከአንቺ ነው የሰረቅኩት እማዬ። የአባባን የውሃ ኮዳ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ ትልኪለት አልነበር?»

እትዬ ባፈና ያን ኮዳ አስታወሰች። ያ ውሃ በቀትርም ጥርስ ያቀዘቅዝ ነበር። ዳምጤ ሃያ ዓመት ከምትቃጠለው ሞተሩ ጎን ተቀምጦ እሱን እየጠጣ «እጅሽ ይባረክ ባፈና!» ሲላት ኖሯል። የሞተሯ መድኃኒት እጁ ላይ ነበር፤ ለካ እሷው ራሷ ናት የምትልክለት። እንባዋ መጣ። ቁልፉን አጥብቃ ያዘችው።

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ቁልፉ ለማን ይገባል? ብርታት ለሰጣት፣ በሽታዋን ላወቀላት፣ ወይስ ልብስ ላለበሳት? ወይስ እትዬ ባፈና መቀነቷ ላይ ትቋጥረው?