የደነቆረው ራዲዮ

«አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ነበረ» አሉ የኔታ፣ ጥያቄውን እንደሰሙ። ጠያቂው አስናቀው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ የወረዳ ዳኛ ከሆነ ገና ዓመቱ ነው። «የኔታ፣ ሰዉ አይሰማም ብሎ ያማኛል። እኔ ግን ፊቴ ቆሞ የተናገረውን ሁሉ እሰማለሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው።

የኔታ ቀጠሉ።

«ይህ ጠጋኝ ሐቀኛ ሰው ነበረ። ሱቁ ውስጥ ሲግናል ጄኔሬተር የሚሉት መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው እንደ ትንሽ ጣቢያ ሆኖ በኤፍ ኤም ሞገድ አንድ ወጥ ድምፅ ይልካል። ራዲዮው ያንን ድምፅ ካሰማ ደህና ነው፤ ካላሰማ ተበላሽቷል ማለት ነው። የሞገዱን ብርታት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍም አለው። ጠጋኙ ሥራ እንዲፈጥንለት ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ትቶት ነበር።

አንዲት ገበሬ ራዲዮዋን ይዛ መጣች። ቤቷ ከመንደሩ ተነጥሎ ወንዝ ዳር ነው። ‹አንዳንዴ ይናገራል፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ ሽሽ ይላል› አለችው። ከመሣሪያው ጋር አገናኘው። ራዲዮው ጥርት አድርጎ አሰማ። ‹ምንም የለበትም፤ ባትሪውን ቀይሪ› ብሎ ሰደዳት።

ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ። ጣቢያው ከጧት ጀምሮ ‹የወንዝ ዳር ሰዎች ወደ ኮረብታው ውጡ› እያለ ይናገር ነበር። ሴትዮዋ ራቅ ያለው ማሳዋ ላይ ናት። ሽማግሌ አባቷ ራዲዮውን አጠገባቸው አድርገው ቤት ተቀምጠዋል። ራዲዮው ሽሽ ሲል ዋለ። ጎርፉ ሽማግሌውን ወሰዳቸው።

በሳምንቱ ከጭቃ ያወጣችውን ራዲዮ አድርቃ ይዛ ተመለሰች። አልጮኸችበትም። ‹ወንድሜ፣ ደህና ነው ብለኸኝ ነበር። ታዲያ ለአባቴ ለምን አልነገራቸውም?› አለችው።

ጠጋኙ ከመሣሪያው ጋር አገናኘው። ራዲዮው አሰማ። ‹ይኸው! ይሠራል እኮ!› አለ።

‹እዚህማ ይሠራል። እኛ ጋ ጣቢያው ሩቅ ነው› አለችው።

ይህን ጊዜ ቁልፉን ያዘና ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገው። ገና ጥቂት ዝቅ ሲል ድምፁ ጠፍቶ ራዲዮው ሽሽ አለ። ከመደርደሪያው ሌላ ራዲዮ አንስቶ አገናኘ፤ ያኛው አሰማ። ይበልጥ ዝቅ አደረገው፤ አሁንም አሰማ። የሴትዮዋን ራዲዮ ጀርባውን ከፈተው። አንቴናው ሥር የጸጉር ያህል ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። አንድ ጠብታ ብየዳ ይበቃው ነበር።

‹ስንቱን ደህና ነው ብዬ ሰድጃለሁ?› አለ ጠጋኙ።

‹በይደው› አለችው ሴትዮዋ። ‹ክረምቱ ገና አልወጣም።›

በየደላት። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ መሣሪያውን ተሸክሞ በየመንደሩ ዞረ። ደህና ናቸው ብሎ ከሰደዳቸው ራዲዮዎች አሥራ አንዱ ደንቁረው ተገኙ።»

የኔታ ወደ አስናቀው ዞሩ።

«አንተም እንደዚሁ ነህ፣ ልጄ። ጆሮህን የፈተንከው በብርቱ ድምፅ ነው። ጠበቃ አቁሞ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚናገረውንማ የደነቆረም ይሰማዋል። ዳኛ መስማቱ የሚታወቀው ድምፁ ከጉሮሮው በማይወጣው ሰው ነው። እንዲያ ያለ ሰው ፊትህ ቆሞ ያውቃል?»

አስናቀው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ትናንት አንዲት ሴት... ይደበድበኛል ብላ ባሏን ከሳ የመጣች። አንገቷን ደፍታ ታንሾካሹካለች። ‹ጮክ ብለሽ ካልተናገርሽ መዝገቡን እዘጋዋለሁ› አልኳት። ምንም አላለችም። ዘጋሁት።»

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ ቤቷ... ከሱ ጋር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አሉት የኔታ። «ተነሣ እንጂ!»